ስንት ዓመት ይቀረዋል? በጠባብ በጀት ለግቢ ላፕቶፕና ታብሌት መግዛት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ምደባ ከታወቀ በኋላ በየቤቱ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ ላፕቶፕ ይገዛ ወይስ ታብሌት? አጎት አንድ ይላል፣ የጎረቤት ልጅ ሌላ ይላል፣ ቴሌግራም ላይ ያለው ነጋዴ ደግሞ «ሁለቱም በቅናሽ አለን፣ ይደውሉ» ይላል። የተያዘው ብር ግን ለሁለቱም የሚበቃ አይደለም። ወይ ዕቁብ የወጣበት ነው፣ ወይ ከዘመድ አዝማድ የተዋጣ፣ ወይ ውጭ ያለች አክስት የላከችው።

ነገሩን ያከበዱት ሁለት ቀኖች ናቸው። አንደኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የለቀቀበት ቀን። እስከዚያ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ አቅጣጫው ወደ ላይ ነው። ሁለተኛው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይለቅ የነበረውን የደህንነት ማሻሻያ በዚያ ቀን አቆመ። የመጀመሪያው ቀን ዕቃ አስወደደ። ሁለተኛው ርካሽ የሚመስሉ ብዙ ማሽኖችን ዕድሜ አሳጠረ፤ ሱቅ ውስጥ ሲታዩ ግን ምንም የተለወጡ አይመስሉም።

በርግጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚያስገባው ነጋዴ ድሮም ቢሆን ዶላሩን በአብዛኛው የሚያገኘው በትይዩ ገበያው ዋጋ ስለነበር፣ የሱቁ ዋጋ እንደ ባንኩ ምንዛሪ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ግን ዶላሩን ተከትሎ አልሄደም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋጋው ዕቃው ለቀረው ዕድሜ ተካፍሎ መታየት አለበት። አራት ዓመት የሚማር ልጅ ሁለት ዓመት የቀረውን ላፕቶፕ በግማሽ ዋጋ ቢገዛ አልተጠቀመም። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ብሩ ይበልጥ በረከሰበት ጊዜ፣ ሌላ ሊገዛ ነው። ኢንጂነሪንግ ከሆነ አምስት ዓመት ነው፤ ሕክምና ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ዲፓርትመንት ሳይታወቅ

ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ነገር አለ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱን የሚጀምረው በፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ነው፤ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ። ሞጁሎቹ ፒዲኤፍ ናቸው። በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃሉ፣ በስልክ ይነበባሉ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ታትመው ይሸጣሉ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተር የሚፈለገው ለአሳይመንት መጻፊያና ለፓወርፖይንት ያህል ነው። ልጅቷ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ይደርሳት፣ ሕግ ይደርሳት፣ አካውንቲንግ ይደርሳት ገና አልታወቀም። ኢንጂነር ትሆናለች ተብሎ የተገዛ ከባድና ውድ ማሽን ስድስት ኪሎ ሕግ ትምህርት ቤት ፒዲኤፍ ማንበቢያ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ በመስከረም የተገዛው ቀላል ላፕቶፕ በዓመቱ ልደታ ካለው የአርክቴክቸር ስቱዲዮ ሲደርስ አንዱንም ሶፍትዌር ሊከፍት አይችልም።

እንግዲያው መጠበቅ ነው የሚሻለው? ብሩ ባይረክስ ኖሮ ያለማመንታት አዎ እል ነበር። ለመሃል አዲስ አበባ ተማሪ መጠበቁ ያን ያህል አይከብድም። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተርና ኢንተርኔት አለው፤ የግቢዎቹም ላይብረሪዎች አሉ። ችግሩ ዛሬ ላፕቶፕ የሚገዛ ብር በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ላፕቶፕ ላይገዛ ይችላል። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በከፊል ወደዚያው ገብቷል። ስልክ ላይ ብቻ ያደገ እጅ ማውዝና ኪቦርድ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

መካከለኛው መንገድ፣ ኋላ ላይ ሊያድግ የሚችል መጠነኛ ማሽን አሁን መግዛት ነው። ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ደግሞ በየሱቁ ሞልቷል።

«ስላይትሊ ዩዝድ»

ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም፣ ደምበል ዙሪያ፣ ወደ ቦሌ ስትወጡ፣ መርካቶ ውስጥም፣ ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ያገለገሉ ጥቁርና ብርማ ላፕቶፖች ከየት እንደመጡ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። (ፒያሳ የነበሩት ሱቆች በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ተበትነዋል፤ ደንበኞቻቸውን የያዙት በቴሌግራም ነው።) አውሮፓ፣ አሜሪካና ባሕረ ሰላጤው ላይ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸውን ኮምፒውተሮች በሦስት በአራት ዓመት ይቀይራሉ። የተቀየረው በጅምላ ይሸጣል፣ ዱባይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይመጣል። «ዱባይ ስታንዳርድ»፣ «ዩሮፕ ስታንዳርድ» የሚባለው ከዚህ የመጣ አነጋገር ነው፤ የጥራት ማረጋገጫ አድርጎ የሚሰማው ካለ ተሳስቷል።

እነዚህ የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የዴል ላቲትዩድና የሌኖቮ ቲንክፓድ ቤተሰቦች ለቢሮ የተሠሩ ናቸው። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ለጽሕፈት ይመቻል፣ ሽፋናቸው በጥቂት ብሎኖች ይከፈታል፣ መለዋወጫቸውም እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጥ አዲስ «ፓክድ» ላፕቶፕ ጋር ሳነጻጽራቸው ሁልጊዜ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ዋጋ የሚገኘው አዲስ ዕቃ ብዙውን ጊዜ እንደ ሴለሮን ኤን4020 ያለ ሁለት ኮር (የሥራ ክፍል) ብቻ ያለው ፕሮሰሰር (ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዋና ቺፕ)፣ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ቦርዱ ላይ የተበየደ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ከዚያ ማስቀመጫ ብዙ ቦታ ይበላል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ ሲመጣ ቦታ የለም ይላል። ራሙም ማስቀመጫውም አይቀየርም። ካርቶኑ ያምራል፣ ፕላስቲኩ አልተላጠም፣ እናት ስትሰጥ ደስ ይላታል። ከዚያ ግን ክሮም ላይ አራት ገጽ ሲከፈት ይንቀራፈፋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ላይ ከ«አይ5» ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ጄኔሬሽኑን (ትውልዱን) ይናገራል፤ 7200 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ ነው። ስምንተኛው ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተለወጠ። ለቀጫጭን ላፕቶፖች የሚሠራው አይ5 እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁለት ኮር ነበር፤ በስምንተኛው አራት ሆነ። ሁለተኛው፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚደግፈው ከስምንተኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ስለዚህ በስድስተኛና በስምንተኛ መካከል ያለው ልዩነት ሻጩ እንደሚለው «ትንሽ ነው፣ አይታወቅም» የሚባል አይደለም። ዕድሜው የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

በሱቅ ቋንቋ ሲተረጎም፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ፣ ጂ4 ሰባተኛ፣ ጂ5 ስምንተኛ ነው። ቲንክፓድ ቲ470 ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ፣ ቲ480 ስምንተኛ፤ ላቲትዩድ 7480 ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ፣ 7490 ስምንተኛ። ጉዳዩ ግን እዚህ አያልቅም፤ ከጂ5ቱም ከቲ480ውም መካከል ሰባተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ይዘው ከፋብሪካ የወጡ አሉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም እውነት ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ገብቶ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሲከፈት ዊንዶውስ 11 መምጣቱ ምንም አያረጋግጥም። ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ላይ ፍተሻውን አልፎ የሚጭን መንገድ አለ፤ ማንኛውም ፎርማት የሚያደርግ ልጅ ያውቀዋል። ይሠራል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። ይህ ለአንድ ተማሪ ምኑ ነው የሚል ካለ፣ ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቶ ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኘውን ይጠይቅ። በእኛ አገር የተማሪ ኮምፒውተር ቫይረስ የሚይዘው ከኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ ከሃንድአውት ማተሚያውም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሳምንት ላይ ይህ ሲደርስ ቀልድ አይሆንም።

አቅሙ እስከ ስምንተኛ የማይደርስ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ስድስተኛ ጄኔሬሽን አይ5፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማስቀመጫ) ያለው ማሽን አሁንም ከአዲሱ ሴለሮን ይሻላል ባይ ነኝ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀሩ ግለሰቦች የተራዘመ ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ከፍቷል። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ፈንታ ነጻ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ተጭኖ፣ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈንታ በሊብሬኦፊስ መቀጠል ይቻላል። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እንዲያውም ጥሩ ልምምድ ነው፤ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ለሚማር የአካውንቲንግ ተማሪ ግን አይሆንም።

ራሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። እስከ ቅርብ ጊዜ የምሰጠው ምክር «8ቱን ግዛ፣ ኋላ 16 ታደርገዋለህ» የሚል ነበር። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ግን የዓለም የሚሞሪ ዋጋ በጣም ተሰቅሏል። አምራቾቹ ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች እያዞሩ ነው፤ ማይክሮን የተባለው ትልቅ አምራች ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ የሚሸጠውን ሚሞሪ እንደሚያቆም በኅዳር 2018 ዓ.ም. አስታውቋል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ያለ ያገለገለ ማሽን ላይ የተሰካ ራም ከዚያ በፊት የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ በ8 እና በ16 መካከል የሚጠየቀው ልዩነት ዛሬ ምክንያታዊ ከሆነ ዛሬውኑ መክፈል ይሻላል። ልዩነቱ ካልተቻለ ደግሞ ሁለት የራም ማስገቢያ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ 840 ጂ5፣ ላቲትዩድ 7490 እና ቲ480 ሁለት ሁለት አላቸው። ኤክስ1 ካርቦን ግን ቀጭንና ውብ ቢሆንም ራሙ የተበየደ ነው፤ 8 ከሆነ ዕድሜ ልኩን 8 ነው።

ባንኮኒው ላይ

ዕቃው እጃችሁ ላይ ነው፣ ሻጩም «ማዘር፣ አይስጉ፣ እኔ ለእህቴ የምገዛው ነው» እያለ ነው። በዚህ ሰዓት መቸኮል የለም።

ከኪቦርዱ ጀምሩ። ዩሮፕ ስታንዳርድ የሚባሉት ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ የመጡ ከሆነ የፊደሎቹ አቀማመጥ የተለየ ነው፤ በላያቸው ስቲከር ይለጠፍባቸዋል፣ ስቲከሩ በጥቂት ወራት ይላቀቃል። ዱባይ የነበሩት ዐረብኛ አላቸው፣ ያ ችግር የለውም። ኖትፓድ ከፍቶ እያንዳንዱን ቁልፍ መጫን፣ ክዳኑን በአንድ እጅ ከፍ ዝቅ አድርጎ ማጠፊያው መላላት አለመላላቱን ማየት፣ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጎ ጥላና ነጥብ መፈለግ፣ ካሜራውን መክፈት። ስክሪኑ ፉል ኤችዲ መሆኑንም ጠይቁ፤ ያው ሞዴል በ1366 በ768ም ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ዓይን ላይ ነው።

ባትሪው ላይ ሻጩ «አራት ሰዓት ይይዛል» ይላል። ቃሉን ተዉትና ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት፤ ማንኛውም ዊንዶውስ ላይ አለ። ሪፖርቱ ላይ ዲዛይን ካፓሲቲ የሚል ቁጥርና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚል ቁጥር ይገኛል። የመጀመሪያው 50 ሺህ፣ ሁለተኛው 30 ሺህ ከሆነ ባትሪው ከአዲስነቱ የቀረው 60 በመቶ ነው። ከግማሽ በታች ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት፤ ጥሩ የመደራደሪያ ነጥብ ነው። ኤስኤስዲውም የራሱ መለኪያ አለው፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ታሳያለች። ፍላሽ ላይ ይዞ መሄድ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ ቁልፉ ነው። እነዚህ ማሽኖች የድርጅት ንብረት ነበሩ። አንዳንዶቹ ከድርጅቱ መዝገብ ሳይፋቁ ይሸጣሉ፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የአንድ የማታውቁት ኩባንያ ስም ብቅ ብሎ የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሱቁ ውስጥ የማይታየው ሲጫን ያለ ኢንተርኔት ስለተጫነ ነው። ተማሪው ከስድስት ወር በኋላ ፎርማት ሲያስደርግ ነው የሚወጣው፤ በዚያን ጊዜ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኝታችሁ ሪሴት እንዲደረግ ጠይቁ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ባዮሱም (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) በይለፍ ቃል አለመቆለፉን ገብቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ማክቡክና አይፓድ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የአይክላውድ አካውንት መውጣቱን። ያልወጣ አይፓድ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ቻርጀሩን እንደ ትርፍ ዕቃ የሚያየው ብዙ ነው። ዴል የቻርጀሩ ጫፍ መሀል ላይ ባለችው ቀጭን መርፌ አማካይነት ቻርጀሩን ይለያል፤ ኮፒ ከሆነና ካላወቀው ባትሪውን አልሞላም ይላል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። «ላፕቶፑ ቀዘቀዘ» ተብሎ ወደ ጥገና የሚወሰደው አንዳንዱ በሽታው ቻርጀሩ ነው። ከዱባይ የሚመጣው ሦስት ወፍራም እግር ያለው ሶኬት በእኛ ግድግዳ ላይ አይገባም፤ ርካሽ ማስተላለፊያ ሰክቶ ዶርም ውስጥ ስድስት ሰው በሚጋራው ዲቫይደር ላይ ማንጠልጠል መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል። የገመዱን ጫፍ ብቻ መቀየር ትንሽ ብር ነው። ስምንተኛ ጄኔሬሽኖቹ በ«ዩኤስቢ-ሲ» ማስገቢያም ይሞላሉ፤ አንዱ ማስገቢያ ቢበላሽ ሌላ አለ ማለት ነው።

ቀብድ በቴሌብር ላክና እናስቀምጥልሃለን የሚለውን ቴሌግራም ላይ ያለ ሻጭ በተመለከተ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ ዕቃውን ሳታዩ አትላኩ።

ታብሌቱስ?

ታብሌት ለማን ይሆናል ቢባል፣ በብዛት ለሚያነብ ነው። ጥቁር አንበሳ ያሉት የሕክምና ተማሪዎች የሚሸከሟቸው መጻሕፍት በሺህ የሚቆጠር ገጽ አላቸው፤ ፒዲኤፉን በ10 ወይም በ11 ኢንች ስክሪን እያሰመሩ፣ ዳር ላይ በብዕር እየጻፉ ማንበብ ከላፕቶፕ የተሻለ ነው። ባትሪው ቀኑን ይውላል፣ ዋርድ ውስጥም አይከብድም። ሕግና ታሪክ ለሚማሩም ይሠራል። ሌላው ግን አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ከቻለ ላፕቶፕ ይግዛ። የስታቲስቲክሱ ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስ ታብሌት ላይ አይጫንም፣ ፒችትሪ አይጫንም፣ ለንድፍ የሚያገለግለው ሙሉው አውቶካድ አይጫንም። አማርኛም ጉዳይ አለው። በፓወር ግዕዝ አማርኛ መጻፍ የለመደ ሰው ፕሮግራሙን አንድሮይድ ላይ አያገኘውም፤ በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈቱ አማርኛው በላቲን ፊደልና ምልክት ይሞላል። የአማርኛ ወይም የጋዜጠኝነት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ታብሌት ላይ እጨርሳለሁ ካለ ጽናቱን አደንቃለሁ፤ አልመክረውም።

ከታብሌት የምጠነቀቀው ከኪቦርድ፣ ከማውዝ፣ ከጆሮ ማዳመጫና ከሰዓት ጋር በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ነው። ካርቶኑ ላይ 12 ወይም 16 ጊጋባይት ራም፣ 512 ማስቀመጫ ይላል። ዋጋው ደግሞ የታወቀ ስም ካለው ታብሌት ግማሽ። ከእንዲህ ያሉት መካከል ቁጥሩ ሶፍትዌር ውስጥ ብቻ የተጻፈ፣ እውነተኛው ራም 2 ወይም 3 የሆነ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባለ ስድስት መቶ ገጽ ፒዲኤፍ ክፈቱና ወደ መሃል ዝለሉ፣ ከዚያ ክሮም ከፍታችሁ ተመለሱ። ፒዲኤፉ እንደገና ከመጀመሪያ ገጽ ከጀመረ ቁጥሩን ተጠራጠሩ።

ብዕር ለሚፈልግ የሳምሰንግ ታብ ኤስ6 ላይት ብዕሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው የሚመጣው። ኤ9 ፕላስ ሰፋ ያለ ስክሪን አለው፣ ለማንበብ ጥሩ ነው፤ ኤስ ፔን የሚባለውን የሳምሰንግ ብዕር ግን አይቀበልም፤ ይህን ሳያውቁ ብዕር ለብቻው የሚገዙ አሉ። ያገለገለ አይፓድ ካገኛችሁ ከስምንተኛው ትውልድ በታች አትውረዱ፤ አይፓድኦኤስ 26 ሰባተኛውን ትቶታል። ብዕሩ ለብቻው የሚገዛ መሆኑንም በሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። ሁዋዌ ሜትፓድ ስክሪኑ ያምራል፤ የጉግል አገልግሎቶችን ሳይዝ ስለሚመጣ ግን መምህሩ በጉግል ክላስሩም ሥራ ሲሰጥ መንገድ መፈለግ ነው።

ለአርክቴክቸርና ለከባድ ኢንጂነሪንግ ከላይ ያልኩት ሁሉ በከፊል ይፈርሳል። የሕንፃ ንድፍን በምስል የሚያሳየው ሉሚዮን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ አይሠራም፤ የሕንፃ ንድፍ መሥሪያው ሬቪትም 16 ጊጋባይት ራም ካላገኘ ያስለቅሳል። እዚህ ላይ የሚታዩት የኤችፒ ዜድቡክ፣ የዴል ፕሪሲዥንና የቲንክፓድ ፒ ማሽኖች ናቸው። ከባድ ናቸው፣ ቻርጀራቸው ራሱ ትልቅ ነው፣ ባትሪያቸው ቶሎ ያልቃል። ውድም ናቸው። ዲፓርትመንቱ በእርግጥ ከታወቀ በኋላ ብቻ የሚገዛ ዕቃ ማለት ይኸው ነው፤ ሶፍትዌሩን ግን መግዛት አያስፈልግም፣ የአውቶካድና የሬቪት ባለቤት የሆነው አውቶዴስክ ለተማሪዎች በነጻ ይፈቅዳል፣ በየዓመቱ ይታደሳል።

ሒሳቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጀታችሁን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ አትጨርሱ። አሥር በመቶ ያህል ይቅር፤ ለደህና ቦርሳ፣ ለሶኬት፣ ካስፈለገ ለባትሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋይል ለሚቀመጥበት ሁለተኛ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ። ዶርም ውስጥ ዕቃ ይሰረቃል። የተሰረቀ ላፕቶፕ በብር ይተካል፣ በውስጡ የነበረ ሪሰርች ግን አይተካም።

ደረሰኝ ሲቆረጥ የማሽኑ ሲሪያል ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙና የኤስኤስዲው መጠን ይጻፍበት። «ላፕቶፕ 1» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ችግር ሲመጣ ለመከራከሪያ አይሆንም። ጋራንቲ የሚሉት ስንት ወር እንደሆነና ባትሪና ቻርጀርን መጨመር አለመጨመሩን እዚያው ላይ በእስክሪብቶ ያስፍሩላችሁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለልጁም ለራሳችሁም ላኩ፤ በብዙ ግቢዎች በር ላይ ላፕቶፕ ሲገባና ሲወጣ ጥበቃዎቹ በሲሪያል ቁጥር ይመዘግቡታል፣ የማን መሆኑ ሲጠየቅም የሚታየው ያው ደረሰኝ ነው።